ጉድጓዱን መጀመሪያ፣ ዕቃውን በኋላ

«እትብቴ የተቀበረበት» እንላለን። እናቴ የኔን እትብት የት እንደቀበረችው በጣቷ ታሳያለች፤ ቀርሳ፣ አያቴ ጓሮ፣ ከማጀቱ ግድግዳ ሥር። ከብዙ ዘመን በኋላ ቆፋሪ እዚያ ቢደርስ እትብቱን አያገኝም፤ በስብሷል። ትንሿን ጉድጓድ ግን ያገኛታል።

ድሬዳዋ ዙሪያ በቁፋሮ ሥራ ላይ አፈር ከመንፋት ጀምሬ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ለአዲስ ልጆች መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። የጥንት ሰው አስቦ የቀበረውን ነገር ለመረዳት ከዕቃው በፊት ጉድጓዱን እዩ።

ጉድጓድ ሲሞላ አፈሩ ከዙሪያው ይለሰልሳል፤ ብዙ ጊዜም ይጠቁራል። እኛ አገር ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሁሉንም ያነጣዋል። ስለዚህ በማለዳ ግቡ። ወለሉን በግንበኛ ማንኪያ ስስ አድርጋችሁ ፋቁት፤ ውሃ እርጩበት፤ ጥላ ያዙበት። የጉድጓዱ ዳር ሲታያችሁ ዙሪያውን አስምሩና ግማሹን ብቻ አውጡ። የቀረው ግማሽ እንደተቆረጠ ድፎ ዳቦ ሆዱን ያሳያችኋል። ስስ የደለል መስመሮች ከተደራረቡ ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ ዝናብ ገብቶበታል። አፈሩ ከጓል ጋር ድብልቅልቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ባንድ ጊዜ ተሞልቷል ማለት ነው። ሁለቱ በጣም የተለያየ ታሪክ ነው።

ከዚያ ዕቃው ብቅ ይላል። አቦ ተረጋጉ፣ አታንሱት! እኔ አንድ ጊዜ ከጉድጓድ ግርጌ ሙሉ ማሰሮ አግኝቼ ደስታ አቅሌን አሳተኝ፤ ሳይሳል፣ ፎቶ ሳይነሳ አወጣሁት። አለቃዬ መጥተው «አፉ ወዴት ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ማሰሮ የያዘው ነገር፣ የተደፋ ማሰሮ የከደነው ነገር ሊኖር ይችላል። ያን ቀን ያጠፋሁትን ማንም አይመልሰውም። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

አጥንት ከሆነ መጀመሪያ እጅና እግርን እዩ። አንድ እጅ 27 አጥንት፣ አንድ እግር ከቁርጭምጭሚት በታች 26 አጥንት አለው። ሥጋው ሲበሰብስ ቶሎ የሚበታተኑት እነዚህ ደቃቆች ናቸው። በየቦታቸው ካሉ ሰውዬው የተቀበረው ገላው ሳይፈርስ ነው። ትልልቆቹ ብቻ ከተገኙ ከሌላ ቦታ ተለቅመው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ደቃቆቹ በወንፊት እንዳያልፉባችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ሳይኖሩ ቀርተው ሳይሆን እኛ ጥለናቸው «የሉም» ያልንበት ጊዜ አለ።

ሁሉንም ሰው ነው ያደረገው አትበሉ። ጅብ አጥንት ይጎትታል። ጃርትም ወደ ጎሬው እየወሰደ ይግጣል፤ የጥርሱ ጭረት ትይዩ ሆኖ ይታያል። እዚሁ ድሬዳዋ አጠገብ ያለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ከዋሻው ወደ 40 ኪሎ የሚመዝን ከ4,000 በላይ ቁራጭ ኦከር ወጥቷል። ኦከር ቀለም የሚሆን ቀይና ቢጫ ድንጋይ ነው። ሰዎች እዚያ እየፈጩት ለረጅም ዘመን የተጠራቀመ እንጂ ተቀበረ የሚያሰኝ ነገር የለውም። ብዛት ብቻውን ቀብር አይሆንም።

አሁን ወደ እህል ጉድጓድ ልውሰዳችሁ። ሐረርጌ ውስጥ ገበሬ ማሽላውን መሬት ውስጥ ያስቀምጣል። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ነው። እህሉ ሲተነፍስ አየሩን ይጨርሰዋል፤ ነቀዝ እዚያ አይበረታም። ሲከፈትም ሰው ወዲያው አይገባም፤ ያፍነዋል።

ደቡብ እንግሊዝ፣ ዴንበሪ በሚባል፣ በብረት ዘመን (ከ2,000 ዓመት በፊት) ሰው በሰፈረበት ኮረብታ ላይም ሰዎች እህላቸውን እንዲሁ በጉድጓድ ያኖሩ ነበር። አርኪዮሎጂስቱ ባሪ ከንሊፍ እዚያ በፈረንጆች ከ1969 እስከ 1988 ቆፍረዋል። እህሉ ካለቀ በኋላ የአንዳንዱ ጉድጓድ ግርጌ ላይ ፈረስ፣ ውሻ፣ የሰው አካልም ተቀምጦ ተገኘ። ከንሊፍ እህሉን ለጠበቁ የምድር ኃይሎች የቀረበ መባ ነው ብለው አሰቡ። እኔን የሚያሳምነኝ ነገሩ በብዙ ጉድጓዶች መደጋገሙ ነው። አንድ ፈረስ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባዶዎቹንም ቁጠሩ፤ ከስንቱ ስንቱ እንደሆነ ሳታውቁ ማስታወሻችሁ ላይ «አምልኮ» ብላችሁ አትጻፉ።

«ቆሻሻ ነው» ለማለትም አትቸኩሉ። አክስቴን ባዶ የቀረውን የእህል ጉድጓድ በምን ትሞሉት ነበር ብዬ ጠየቅኳት። «በአመድና በጥራጊ» አለችኝ። ትንሽ አሰብ አደረገችና «ድመታችን ስትሞትም እዚያው አስገባናት፤ በነጠላዬ ጠቅልዬ» አለች።

ነጠላው ይበሰብሳል። በጥብቅ የተጠቀለለች ድመት እግሮች ግን ሆዷ ላይ እንደተጣጠፉ ይቀራሉ፤ ከተጣለች ድመት አጥንት ይለያሉ። አመድ መሃል ያን አጣጠፍ ካያችሁ ብሩሹን አስቀምጡና መጀመሪያ ሳሉት።