«በዘራችን ያለ ነው» ብሎ መዝጋትና ሌሎች ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮችን ከነጮች ይልቅ ስኳርና የኩላሊት በሽታ ያጠቃቸዋል። እኛ ሀበሾች ቡና ላይ ይህን ስናነሳ ምክንያቱን ቶሎ እንደመድማለን። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

«በደማችን ያለ ነው» ማለት። ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር ያለበት እምብዛም አልነበረም። ዓመታት ሲያልፉ ግን በሽታው ከሌላው ሕዝብ በላይ በዛባቸው። ደማቸው ያው ነው። የተለወጠው ምግቡ፣ የእግር መንገዱና ኑሮው ነው።

«ማሽን አያዳላም» ብሎ ማመን። እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። የኩላሊት አቅም የሚገመተው ደም ውስጥ ካለው ክሬቲኒን (ከጡንቻ የሚወጣ፣ ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ) ተነስቶ በቀመር ነው። እስከ 2021 በሰፊው ይሠራበት የነበረው ቀመር፣ ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን 16 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርግ ነበር። ሰበቡ «ጥቁሮች ጡንቻቸው ይበዛል» የሚል ግምት ነው። ከሲታው ሀበሻም እዚያው ተደምሮ! እናም የደከመ ኩላሊት ደህና መሰለ። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላልጀመረ ሰው የንቅለ ተከላ ወረፋው መቆጠር የሚጀምረው ውጤቱ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ብዙዎች ዘግይተው ገቡ። በ2021 ዘር የሌለበት ቀመር ወጣ። ከጥር 2023 ጀምሮ ደግሞ የንቅለ ተከላ ማዕከላቱ በአሮጌው ቀመር የዘገዩ ጥቁር ታካሚዎችን ለይተው የባከነ ጊዜያቸውን እንዲያስመልሱ ታዘዙ። ወረፋ ላይ ያለ ዘመድ ካላችሁ፣ የእሱ ተስተካክሎ እንደሆነ ማዕከሉን ይጠይቅ።

ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም አለ። በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ የኦክስጅን ማነስ በጥቁሮች ላይ ሳይታይ የሚያልፈው ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ።

«ድህነት ነው እንጂ ዘር አይደለም» ማለት። ድህነት ትልቅ ድርሻ አለው። ነገር ግን የአሜሪካ መንግሥት መረጃ እንደሚያሳየው፣ ኮሌጅ የጨረሱ ጥቁር ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ የሚሞቱት ሁለተኛ ደረጃ ካልጨረሱ ነጭ ሴቶች በላይ ነው። ዲግሪ ብቻውን አላዳናቸውም።

ጥቁርን ሁሉ አንድ ላይ መቁጠር። ትናንት በዲቪ የመጣው እና አያት ቅድመ አያቶቹ በባርነት የኖሩት ሰው አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። የእኛ ችግር አማካዩ ውስጥ ይጠፋል። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ «ጥቁር» ከሚለው ሥር መጻፊያ ቦታ ነበረ፤ ኢትዮጵያዊ የሚለውም በምሳሌነት ተጠቅሷል። እንዲህ ያለ ባዶ መስመር ስታገኙ ሙሉት።