ከጦሳ ሥር ሆነው የህልውናን ፍልስፍና ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ሻይ ቤት እየተሰበሰብን ያነበብነውን የምንከራከርበት ልማድ አለን። ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ነን፤ መምህር፣ ነርስ፣ ከኮምቦልቻ የሚመጣ የፋብሪካ መካኒክ፣ ሁለት ተማሪዎችና እንደ እኔ ሥራው ከወረቀት ጋር የሆነ ሰው። በተለምዶ ኤግዚስተንሻሊዝም የምንለው የህልውና ፍልስፍና ተራው ሲደርስ ከወትሮው ሁሉ የባሰ ተጨቃጨቅን። ጭቅጭቁ በአብዛኛው ፈላስፎቹ ስላሉት ሳይሆን አሉ ተብሎ ስለሚወራው ነበር። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኛዎቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

የሰማዩን ስፋት እንደ ማስረጃ መቁጠር

አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ከሻይ ቤቱ ወጣን። ለወትሮው ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን የሚሸፍነው ጉም በዚያ ምሽት አልነበረም፤ ሰማዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከተማሪዎቹ አንዱ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆየና «ይህ ሁሉ እያለ እኔ ምንድን ነኝ?» አለ። ጥያቄው መልካም ነው። የከፋው ቀጥሎ የመጣው መልሱ ነበር፤ «ምንም» አለና ለፈተና ማጥናት እንኳ ትርጉም እንደሌለው ያስረዳን ጀመር።

ቁጥሮቹ እውነት ናቸው። አጽናፈ ዓለም 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። የእኛ ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብ፣ ብቻውን ከ100 ቢሊዮን በላይ ከዋክብት ይዟል፤ ከጎረቤቱ ጋላክሲ ከአንድሮሜዳ የተነሣ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ግን ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ «ስለዚህ ሕይወቴ ከንቱ ነው» እስከሚለው ድረስ ያለው ርቀት በእግር አይሄድም፤ ዘሎ ነው የሚታለፈው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ ዘላዩን ልብሱን ይዞ አስቁሞታል። ሕይወታችን ትርጉም ያጣው ትንሽ በመሆናችን ከሆነ፣ ጠፈሩን የምንሞላ ግዙፎች ብንሆን ኖሮ ትርጉም ታገኝ ነበር? ዛሬ የምናደርገው ነገር ከሚሊዮን ዓመት በኋላ ምንም አይደለም ከተባለም፣ በዚያው ሒሳብ ከሚሊዮን ዓመት በኋላ የሚሆነው ነገር ለዛሬ ምንም አይደለም።

እርግጥ ፍርሃቱ ሐሰት አይደለም። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ገና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጠፈሩ ዘላለማዊ ዝምታ እንደሚያስፈራው ጽፏል። በእነዚያው ማስታወሻዎቹ ውስጥ ግን ሰውን በሸምበቆ መስሎታል፤ ከፍጥረት ሁሉ ደካማ፣ ነገር ግን የሚያስብ ሸምበቆ። ጠፈሩ ቢያደቀው እንኳ ሸምበቆው መሞቱን ያውቃል፤ ጠፈሩ ግን መግደሉን አያውቅም። ፈረንሳዊው ጸሐፊ አልቤር ካሙም ቢሆን ከንቱነቱን በሰማዩ ውስጥ ብቻ ወይም በሰውየው ውስጥ ብቻ አላስቀመጠውም። ሰው ይጠይቃል፣ ዓለም ዝም ይላል፤ ነገሩ የሚፈጠረው ሁለቱ ሲጋጠሙ ነው። ጠያቂ ከሌለማ ዝምታው ማንን ሊያስቀይም?

ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ተማሪ ሰኞ ገበያ አገኘሁት። ለታናሽ እህቱ ደብተር ሊገዛ ከነጋዴው ጋር በዋጋ ተያይዟል። አንድሮሜዳ ትዝ ያለችውም አይመስልም።

ምንነትን ማንነት ብሎ መተርጎም

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፖል ሳርትር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1945 ፓሪስ ውስጥ ባደረገው ንግግር የፍልስፍናውን ፍሬ ነገር በአጭሩ አስቀምጦታል፤ በሰው ዘንድ ህልውና ምንነትን ይቀድማል። መምህሩ ጓደኛችን ይህን «ህልውና ማንነትን ይቀድማል» ብሎ ተርጉሞ አነበበልን። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ ክርክሩ ብሔርና የአያት አገር ላይ ሄዶ ተቀመጠ፤ ሳርትር ተረሳ፤ ሻዩም ቀዘቀዘ።

በአማርኛ «ምን» ለዕቃ፣ «ማን» ለሰው ይጠየቃል፤ ሳርትር የሚፈልገው ልዩነት አፋችን ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው። እርሱ የወሰደው ምሳሌ የወረቀት መቁረጫ ቢላ ነው። እኛ ጀበናን ብንወስድ ያስኬዳል። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ከማቡካቷ በፊት ጀበና ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ሰፊ፣ ቡና የሚፈላበት። ጀበናው ገና ሳይኖር ምንነቱ ተሰናድቷል። ሰው ግን አስቀድሞ ይኖራል፤ ምን እንደሆነ የሚለየው በኋላ፣ በሚያደርገው ነው።

ሳርትር እዚህ የደረሰው ፈጣሪ የለም ከሚል መነሻ ነው። ሰውም ሸክላ ሠሪ አለው ብሎ የሚያምን አንባቢ፣ በወሎ ደግሞ መስጊድ ሄደም ቤተ ክርስቲያን ይህን የማያምን ጥቂት ነው፣ እዚህ ላይ ከእርሱ ሊለይ ይችላል። የሚለይበትን መታጠፊያ አውቆ ይለይ እንጂ መጽሐፉን ከነጭራሹ አይዝጋው።

ነጻነትን «ያሻኝን አደርጋለሁ» ብሎ መረዳት

መካኒኩ በየቀኑ ማለት ይቻላል በሐረጎ በኩል ይመላለሳል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ቁልቁለቱ ግን 600 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ መንገዱም ይጠማዘዛል። «ነጻ ነህ ማለት ቀጥ ብለህ ውረድ ማለት ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ነጻ የምሆነው» አለን። ሳርትርን ከዚህ በተሻለ ያስረዳልኝ ሰው የለም። ሳርትር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1943 የጻፈው ስለ ቋጥኝ ነበር፤ ሊያነሣው ለሚታገል እንቅፋት፣ ላዩ ላይ ወጥቶ አገር ለሚያይ ግን መወጣጫ ነው። ቋጥኙን አልመረጥነውም፤ የተወለድንበትን ቀን፣ ወላጆቻችንን፣ የደረስንበትን ዘመንም እንዲሁ። ነጻነቱ በእነዚህ ምን እናደርጋለን የሚለው ላይ ነው።

ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ደ ቦቯር ደግሞ ከባልደረባዋ ከሳርትር ይልቅ ነገሩን ወደ መሬት አውርዳዋለች። የአንዱ ነጻነት የሌላውን ነጻነት እንደሚፈልግ፣ የአንዳንዱ ሰው ቋጥኝም ሌሎች ሰዎች ሆን ብለው ያስቀመጡበት እንደሆነ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1949 ስለ ሴቶች የጻፈችውን ሳያነቡ ስለ ነጻነት መደስኮር ግማሹን ገጽ ቀዶ እንደ ማንበብ ነው።

የዚህ ስህተት ግልባጭ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚለው ነው። ሳርትር ራስን ማታለል የሚለው ይህን መሰሉን ነው፤ መምረጣችንን እያወቅን እንዳልመረጥን መሆን። የእርሱ ምሳሌ አስተናጋጅነትን አጋንኖ የሚጫወት የካፌ አስተናጋጅ ነበር። እኔ የማውቀው ግን በመሥሪያ ቤት መስኮት በኩል ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ ወረቀት ሦስት ቀን ተመላለስሁ። ሰውየው ማኅተሙን በእጁ እያገላበጠ «እኔ ምን ላድርግ፣ መመሪያው ነው» አለኝ። መመሪያው እንደማይከለክል ሁለታችንም እናውቃለን። ተናድጄ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ግን ባለፈው ወር ለወንድሜ «ልመጣ አልቻልሁም፣ ሥራ ይዞኝ» ያልሁት ትዝ አለኝ። ሥራው አልያዘኝም ነበር።

ፍልስፍናውን ሁሉ የእምነት ጠላት ማድረግ

የህልውና ፍልስፍና አባት ተብሎ የሚጠራው ዴንማርካዊው ሶረን ኪርከጎር አጥባቂ ክርስቲያን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1843 በብዕር ስም ያሳተመው አንድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ልጁን እንዲሠዋ ስለ ታዘዘው አብርሃም ነው።

ይህን ታሪክ አክስቴ ቤት ቡና ላይ አነሣሁት። አክስቴ ሙስሊም ናቸው፤ ዕድሜ ልክ አብረዋቸው ቡና የሚጠጡት ጎረቤታቸው ክርስቲያን። ሊታረድ የነበረው ልጅ ማን ነበር የሚለው ወዲያው ተነሣ። አክስቴ እስማኤል ነው አሉ፤ ጎረቤታቸው ይስሐቅ። በየዓመቱ የአረፋ ሰሞን የሚነሣ፣ ማንም የማይረታበት፣ ማንም የማይቀየምበት ክርክር ነው።

ኪርከጎር የሚጨነቀው ግን በልጁ ስም አይደለም። ሰባኪዎች ታሪኩን ሲናገሩ ከትእዛዙ በቀጥታ ወደ በጉ ይሄዳሉ፤ እርሱ መካከል ያለው መንገድ ላይ ይቆማል። በዘፍጥረት እንደተጻፈው አብርሃም ማልዶ አህያውን ጭኖ ተነሣ፤ ቦታውን ያየው በሦስተኛው ቀን ነው። እነዚያን ቀናት ለማንም ሊያስረዳ አይችልም። ቢያስረዳስ በየትኛው ሕግ ሊፈርዱለት? ሰው ብቻውን፣ ያለ ምስክር፣ በፈጣሪው ፊት መቆሙ፣ ኪርከጎር ስለ ግለሰብ ሲናገር የሚለው ይህን ነው። ይህን ሳወራ ጎረቤቲቱ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ሦስት ቀን! ልጁን አጠገቡ አድርጎ!» አሉ። አክስቴም ዝም አሉ። ስለ ስሙ የቀጠለ አልነበረም።

አንዲት ጥቅስ ይዞ መሮጥ

«ሲኦል ማለት ሌሎች ሰዎች ናቸው» የሚለው የሳርትር ተውኔት ገጸ ባሕርይ ንግግር ነው። ሳርትር በኋላ ሲያብራራ፣ ከሰው ጋር ያለን ግንኙነት ሲጣመም ያ ሰው ሲኦል ይሆንብናል ለማለት እንጂ ሰው ሁሉ ጠላት ነው ለማለት እንዳልሆነ ተናግሯል። ይህችን ጥቅስ ይዞ ከእድር የወጣ ወጣት አውቃለሁ። የእድሩ ዳኛ ጥቅሱን አልሰሙም፤ ያልተከፈለ ወርሐዊ መዋጮውን ግን ጠይቀውታል።

የጀርመናዊው ፈላስፋ የኒቼ «እግዚአብሔር ሞቷል» ደግሞ የደስታ እልልታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1882 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይህን የሚናገረው በጠራራ ጠዋት ፋኖስ አብርቶ ገበያ መካከል የሚሮጥ እብድ ነው፤ የሚስቁበትም የማያምኑት ናቸው።

ካሙን የተስፋ መቁረጥ ሰባኪ ማድረግ

እ.ኤ.አ. በ1942 ያሳተመው ድርሰት ሕይወት መኖር ይገባታል ወይ በሚል ጥያቄ ይጀምራል። ብዙዎች የመጀመሪያውን ገጽ አንብበው ያስቀምጡታል። የቀረው መጽሐፍ መልሱ ነው፤ ራስን ማጥፋትን አይቀበልም፣ ዓይንን ከፍቶ መኖርን ይመርጣል።

ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት

ካሙ የህልውና ፈላስፋ አይደለሁም ብሏል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሃይደገርም እ.ኤ.አ. በ1947 በታተመ ደብዳቤ ከሳርትር ራሱን አርቋል። ይበቃል።

የምሳሌውን ሰዎች እንደ ምሳሌ ብቻ ማየት

ሳርትር በ1945ቱ ንግግሩ ስለ አንድ ተማሪው ይተርካል። ወንድሙ በጀርመኖች ጥቃት ተገድሏል፤ እናቱ ከእርሱ በቀር መጽናኛ የላትም። እርሱ ግን እንግሊዝ ሄዶ ከነጻ ፈረንሳይ ጦር ጋር መዋጋት ይፈልጋል። ምክር ሲጠይቅ ሳርትር ነጻ ነህ፣ ምረጥ አለው። ይህን ስናነብ መካኒኩ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ሳዑዲ ለመሄድ እንደሚያስብ፣ እናቱም ብቻቸውን እንደሆኑ የምናውቀው ሁለት ብቻ ነበርን። እኔ ደግሞ ስለ ምርጫና ኃላፊነት ያለ ስስት ሳብራራ ነበር።

በዚያው ሳምንት አክስቴ ዘንድ ስሄድ የፈረንሳዩን ልጅ ታሪክ ነገርኋቸው። በረካው እየተቀዳ ነበር። በጥሞና ሰሙኝና «ታዲያ ሄደ ወይስ ቀረ?» አሉኝ።

«ንግግሩ ውስጥ አልተነገረም» አልሁ።

ስኒውን አቀበሉኝና «እናትየዋንስ ማን ጠየቃት?» አሉ።