የሐበሻ ሽንኩርትን ያለ አፈር በውሃ ማልማት
በደብረ ብርሃን አካባቢ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ የጓሮ አትክልትን ስለሚያቃጥል፣ የሐበሻ ሽንኩርትን በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ያለ አፈር ማልማት ሊሞከር የሚገባው መንገድ ነው። ኮረቱ፣ ማለትም ለተከላ የሚውለው የሽንኩርት ራስ፣ ከአገር ውስጥ ዝርያ ይመረጥ፤ የአገራችን ቀን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ፣ ረጅም ቀን የሚሹት የአውሮፓ ዝርያዎች ቅጠል ብቻ አውጥተው ራስ ሳይቋጥሩ ሊቀሩ ይችላሉ።

በአፈር ፈንታ የሚያገለግለው ቀይ አሽ (ቀዳዳ የበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ውሃው እስኪጠራ ድረስ ታጥቦ፣ ከታች በተበሳ ባልዲ ይሞላል። ኮረቱ ሥሩ ወደ ታች ሆኖ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል፤ ጫፉ ግን ከላይ መታየት አለበት። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው፤ ኮረቱ ሙሉ በሙሉ ተቀብሮ ሁልጊዜ እርጥበት ከነካው አንገቱ ይለሰልሳል፣ ሲጫኑትም የሚሸት ውሃ ያወጣል፤ ያን ጊዜ ነቅሎ መጣል እንጂ ማዳን አይቻልም።

ማዳበሪያ ተሟሙቶበት ተክሉ የሚጠጣው ውሃ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ6 እስከ 6.5 ይሁን፤ ድኝም አይጓደልበት፤ የሽንኩርቱ ማቃጠልና መዓዛ ከድኝ ውህዶች ይመጣልና። ራስ መቋጠር ሲጀምር ናይትሮጂኑ ይቀነሳል። የቅጠሉ ግማሽ ያህል ሲተኛ ውሃው ተቋርጦ ሽንኩርቱ ይነቀልና፣ አንገቱ እስኪደርቅ ድረስ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር 2 ሳምንት ያህል ተዘርግቶ ይቆያል።