የውሻ ቤት ስትሠሩ እነዚህን አትድገሙ

ከከተማ ወጣ ብሎ ቤት የሠራ ሰው አጥሩን ሳይጨርስ ቡችላ ያመጣል። ሱሉልታ ሂዱ፣ ሰበታ ሂዱ፣ ለገጣፎ ሂዱ፣ ያው ነው። አልፈርድም። ሰፈሩ ጭር ያለ ነው፣ መንገዱ መብራት የለውም፣ ሌሊት ጅብ ይጮኻል። ችግሩ የውሻው ቤት የሚሠራው ከግንባታ በተረፈ ዕቃ፣ አናጺው ዕቃውን ሰብስቦ ሊሄድ ሲል መሆኑ ነው።

እኔ የምጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራዬ የእንስሳት ሕክምና ነው። “አልበላ አለ”፣ “ያስለዋል”፣ “ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል” ተብዬ ስሄድ፣ ብዙ ጊዜ ቡችላውን ከማየቴ በፊት ቤቱን ዞር ብዬ አያለሁ። ከበሽታው ግማሹ እዚያ ነው።

ሁሉንም በቆርቆሮ መሥራት

ጎንና ጎኑም ቆርቆሮ፣ ጣሪያውም ቆርቆሮ። ቀትር ላይ እጃችሁን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ጣሪያውን ንኩት። አትቆዩበትም። ውሻ እንደ ሰው ገላው ሁሉ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በአብዛኛው በማለክለክ ነው። ስለዚህ ቡችላው ቤቱን ትቶ መኪና ሥር ከተኛ “አልወደደውም” አትበሉ። ሸሽቶ ነው።

ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ትላለች። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር ቆርቆሮው የያዘውን ሙቀት ሁሉ ወዲያው ይለቃል። የቡችላው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ይሆንና ጠብ ጠብ እያለ ጀርባው ላይ ይወርዳል። ጠዋት ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ዝናብ ግን አልዘነበም።

ግድግዳው ጣውላ ይሁን። ቆርቆሮውን ለጣሪያ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ከሥሩም ጣውላ አልብሱት። ቺፑድ አይሆንም። ክረምት ሲመጣ አብጦ ይፈራርሳል።

“ሰፋ ብሎት ይተኛ”

ውሻ ቤቱን የሚያሞቀው በራሱ ገላ ነው። ገብቶ፣ ዞሮ፣ ተጠቅልሎ የሚተኛበት ይበቃዋል። ለመካከለኛ ውሻ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱ 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ቡችላ እያለ ግማሹን በጣውላ ከልሉት፣ ሲያድግ ታነሡታላችሁ።

መሬት ላይ ማስቀመጥ

ኮቲቻ፣ ማለትም ጥቁር ጭቃማ አፈር ላይ ከሆናችሁ ሐምሌን ታውቁታላችሁ። በብሎኬት ወይም በሞራሌ ቁርጥራጭ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት። በሩም ንፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዙር።

አሮጌ ብርድ ልብስ ማንጠፍ

ደግነት ነው፣ ይገባኛል። ግን ጨርቅ እርጥበት ይይዛል፣ ቡችላው ይሸናበታል፣ ቁንጫ ይራባበታል። ደረቅ ጭድ ወፍራም አድርጋችሁ ጎዝጉዙለት፣ በየሳምንቱም ቀይሩት። የጤፍ ጭድ ለስላሳ ነው። “በጥቅምት አንድ አጥንት” የሚባለው ለውሻም ይሠራል፤ ውጭ የሚያድር ውሻ በብርድ ወራት ምግቡ ጨመር ይበልለት። የተቀቀለ አጥንት ግን አትስጡት። ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

የተቃጠለ ዘይትና የከብት መድኃኒት

ምስጥ እንዳይበላው ተብሎ ጣውላው በተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ለአጥር ቋሚ ይሁን፣ ለቡችላ ቤት ግን በፍጹም። ቡችላ ያገኘውን ያኝካል፣ ገላው ላይ የተለጠፈውንም ይልሳል። ከዚህ የሚብሰው ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዳያዚኖን በግምት በጥብጦ ቡችላውንም ቤቱንም ማራስ ነው። ምራቁ ይዝረከረካል፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቶሎ ካልተደረሰለት ይሞታል። ለቁንጫ ጭዱን አውጥታችሁ አቃጥሉት፣ ቤቱን በፈላ ውሃ እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ቡችላው ራሱ መድኃኒት ካስፈለገው በኪሎው ልክ ይታዘዝለታል።

የሞተው ቡችላ ቤት ውስጥ ሌላ ማስገባት

ይሄን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ቡችላው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት አንገቱን ማንሣት አቅቶታል። ልጆቹ በር ላይ ተደርድረው ያዩኛል። ከእሱ በፊት የነበረውም እንዲሁ ሆኖ ነው የሞተው። እናትየው “ዶክተር፣ ግቢው ላይ አንድ ነገር አለ መሰለኝ። ጠበል ረጨሁበት” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ግቢው ላይ ነገር አለ። ፓርቮ ይባላል።

የፓርቮ ቫይረስ በታመመ ውሻ ዓይነ ምድር ይወጣና ጥላ ያለበት አፈር ላይ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ሳሙና አይገድለውም። በጫማ ይገባል፣ በሣህን ይተላለፋል፣ ጭድ ውስጥ ይቀራል። ልጆቹ እንዳያዝኑ ተብሎ በሳምንቱ የመጣው አዲስ ቡችላ የተኛው እዚያው ጭድ ላይ፣ የበላውም በዚያው ሣህን ነበር።

ምን ይደረግ? ጭዱንና ጨርቁን አቃጥሉ። የጣውላው ቤት ከተሰነጣጠቀ እሱንም አቃጥሉት፣ ቫይረሱን ከስንጥቅ ውስጥ ማውጣት አይቻልም። ሲሚንቶውንና ሣህኑን መጀመሪያ ቆሻሻው እስኪለቅ እጠቡ። ቆሻሻ ላይ በረኪና አይሠራም። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት፣ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ይታጠብ። አፈሩን ግን በበረኪና ማጽዳት አትችሉም። መፍትሔው ክትባት ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይጀመርና እስከ 16ኛው ሳምንት ድረስ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። አንዴ ተከትቧል ማለት ጨርሷል ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ግቢ ከሆነ ክትባቱን የጨረሰ፣ ትንሽ ጠና ያለ ውሻ አምጡ።

መንገድ ዳር በካርቶን ከሚሸጡት አንዱን ስታነሡም ዕድሜውን ጠይቁ። ከ8 ሳምንት በታች ከሆነ ገና የእናቱ ነው። ምንም ዓይነት ቤት ብትሠሩለት ያንን አይተካለትም።

ሰንሰለት

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። “ቀን ከታሰረ ሌሊት ኃይለኛ ይሆናል” ይባላል። አይሆንም! ቡችላ ከ3ኛ እስከ 14ኛ ሳምንቱ ባለው ጊዜ ሰውን፣ ልጅን፣ ድምፅን ይለማመዳል። ያንን ጊዜ እንጨት ላይ ታስሮ ካሳለፈ ኃይለኛ አይወጣውም፣ ፈሪ ነው የሚወጣው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ይሸሸጋል፤ የሚነክሰው በአጠገቡ የሚሮጠውን የቤቱን ልጅ ነው።

ማሰሪያውስ? ቡችላ በየሳምንቱ ያድጋል፣ አንገቱ ላይ የታሰረው ገመድ አያድግም። “አንገቱ ይሸታል” ተብዬ የሄድኩበት ውሻ ነበር። ፀጉሩን ገለጥ ሳደርግ ሽቦው አይታይም። ቆዳው ውጦት፣ ከላይ መግል ብቻ ነው ያለው። ሽቦውን በማደንዘዣ ቆርጬ ነው ያወጣሁት። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም፣ በየቀኑ ይቀልበው ነበር። ከአንገት ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት፣ ይሄንንም በየሳምንቱ በጣታችሁ እዩት። ፀጉር ይሸፍናል፣ ዓይን አይበቃም።

አጥር አጠገብ የታሰረ ውሻ ዘሎ ወዲያ ማዶ ተንጠልጥሎ ይሞታል። ጅብ ግቢ ከገባ ደግሞ የታሰረው የት ይሸሻል?

በሰንሰለት ፋንታ በረት ሥሩለት። ለአንድ ውሻ ቢያንስ 2 በ3 ሜትር፣ በጠንካራ ወንፊት ሽቦ የታጠረ፣ ጥላም ፀሐይም ያለው። ሽቦውን 30 ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ቅበሩት፣ ይቆፍራልና። የመተኛ ቤቱ እዚያ ውስጥ ይግባ፣ የውሃ ሣህኑም በማይገለበጥ ከባድ ነገር ይሁን። ወጪ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለዋናው በር ያወጣችሁትን አስቡት።

ሲመሽ ግቢው ውስጥ ይፈታ። ከዚያ በፊት አጥሩን በእግራችሁ ዙሩ። ከቆርቆሮው ሥር ጎርፍ የቦረቦረው ክፍተት ካለ በድንጋይና በሲሚንቶ ድፈኑት፤ በዚያ የሚገባው ጅብ ብቻ አይደለም፣ ያበደ የመንገድ ውሻም ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በ3 ወሩ ይከተብ፣ በየዓመቱም ይደገምለት።