«ይሄ ጌም አያስፈራም» ሲባል፦ ችግሩን ከምልክቱ ተነስቶ መፈለግ

ጅማ ውስጥ ሦስት ቴሌቪዥንና ሦስት ፕሌይስቴሽን 4 ያላት ጠባብ የጌም ቤት አለችኝ። ቀን የሚመጣው ልጅ ኳስ ነው የሚጫወተው። ሲመሽ ግን ተማሪዎች ሰብሰብ ብለው ይመጡና «የሚያስፈራ ነገር የለም?» ይላሉ። እኔን ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝን ጌም ከፍቼ እሰጣቸዋለሁ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጆይስቲኩን አስቀምጠው «ጋሼ፣ ይሄ አያስፈራም፣ ኳስ ይሻለናል» ይሉኛል።

ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። ጌሙ ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጆቹም አልዋሹም። ስለዚህ እንደ ተበላሸ ዕቃ ቆጥሬው ምክንያቱን ፍለጋ ገባሁ። እናንተም ስትፈልጉ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ መጀመሪያ ክፍሉ፣ ቀጥሎ ዕቃው፣ ቀጥሎ አጨዋወቱ፣ ጌሙ ራሱ መጨረሻ ላይ። ብዙዎቻችን ከመጨረሻው ጀምረን እዚያው እናበቃለን።

ምልክት፦ ጭራቁ ሲወጣ እንደነግጣለን፤ ከዚያ በፊት ግን ምንም አይሰማንም

ድንጋጤና ፍርሃት የተለያዩ ናቸው። በር ድንገት ሲበረገድ ሰውነት በራሱ ይሸመቅቃል፤ ይህ ድንጋጤ ነው፣ ሲደጋገም ደግሞ ይለመዳል። ፍርሃት ያለው በሩ ከመበርገዱ በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ያ ጊዜ የሚሠራው ደግሞ በአብዛኛው በቀጭን ድምፅ ነው። በፈረንጆቹ 1999 በወጣው ሳይለንት ሂል ተጫዋቹ የያዘው ትንሽ ሬዲዮ ጭራቅ ሲቀርብ መንሿሿት ይጀምራል፤ ጭራቁ ገና አልታየም። በፈረንጆቹ 2019 እንደ አዲስ በተሠራው ሬዚደንት ኢቭል 2 ደግሞ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ሕንፃውን እየዞረ ያሳድዳችኋል፤ የት እንዳለ የምታውቁት ከኮቴው ነው። ኮቴው ከላይ ነው? ከጎን ነው? እየቀረበ ነው ወይስ እየራቀ? ይህን ካልሰማችሁ ግማሹ ጌም የለም፤ የቀረው እየሮጠ የሚመጣ ሰውዬ ብቻ ነው።

አሁን የእኛን ክፍል አስቡት። ጅማ ዝናብ አይጠፋትም፤ በክረምት ማታ ማታ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው እንኳን ጮኸህ ነው የምታናግረው። በዚያ ላይ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ማውጫ ከጀርባው ነው፣ ድምፁ ግድግዳ መትቶ ነው የሚመለሰው። ተጫዋቹ ዝናቡን ለመብለጥ ቮልዩሙን እስከ ጥግ ይጨምራል። ውጤቱ፦ ኮቴው አሁንም አይሰማም፣ ጩኸቱ ግን ጆሮ ይበሳል። ድንጋጤው ብቻ ተረፈ፣ ፍርሃቱ ጠፋ።

መፍትሔው ገመድ ያለው፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን ነው። ውድ መሆን የለበትም። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ከታች ቀዳዳ አለው፤ እዚያ ሰክታችሁ ሴቲንግ ውስጥ በዲቫይስስ በኩል ኦዲዮ ዲቫይስስ ግቡና ወደ ሄድፎን የሚሄደውን ድምፅ «ኦል ኦዲዮ» አድርጉት። ይህን ካልነካችሁት የጌሙ ድምፅ ቴሌቪዥኑ ላይ ይቀርና ሄድፎኑ ተበላሽቷል ብላችሁ ትጥሉታላችሁ፤ እኔ አንድ ጥሩ ሄድፎን እንዲህ አድርጌ ለሰው ሰጥቻለሁ። በብሉቱዝ የሚሠራ ሄድፎን በላፕቶፕ ለሚጫወት ሰውም አልመክርም፤ ድምፁ ከምስሉ ዘግይቶ ይደርሳል፣ በሩ ከተከፈተ በኋላ ሲጢጥ ሲል መስማት ሁሉን ነገር ያፈርሰዋል። የግራና የቀኝ ጆሮውን አለማቀያየራችሁንም እዩ። በቴሌቪዥን ድምፅ መጫወት ግድ ከሆነባችሁ ደግሞ ቮልዩምን በራሱ የሚያስተካክለውን የቴሌቪዥን ሴቲንግ አጥፉት፤ ቀጭኑን ከፍ፣ ወፍራሙን ዝቅ እያደረገ ሁሉንም አንድ ዓይነት ያደርገዋል።

ሄድፎን ባደረግኩበት የመጀመሪያ ሳምንት ዝናቡ ባባራበት አንድ ምሽት ከአዌቱ ወንዝ በኩል ጅብ ጮኸ። የሚጫወተው ልጅ ጌሙን አቁሞ፣ ሄድፎኑን አውልቆ ዞር ብሎ አየኝ። «ከውስጥ ነው ከውጭ?» አለኝ። የዚያን ቀን መፍትሔው መሥራቱን አወቅኩ።

ምልክት፦ ጨለማው ግራጫ ነው፤ ወይም ጭራሽ ምንም አይታይም

ሁለቱም ምልክቶች ከአንድ ቤት ነው የሚወጡት። አስፈሪ ጌሞች ሲጀመሩ አንድ ምስል ያሳዩና በጭንቅ እስኪታይ ድረስ ብራይትነሱን አስተካክሉ ይላሉ። ልጆቹ ግን ምስሉን ቁልጭ አድርገው አብርተው ያልፉታል፤ ኳስ ላይ እንደዚያ ነውና የሚሻለው። ከዚያ በኋላ በጌሙ ውስጥ ጨለማ የሚባል ነገር የለም። ወደ ሴቲንጉ ተመልሳችሁ፣ የክፍሉን አምፖል አጥፍታችሁ፣ እንደገና አስተካክሉት። አምፖል በርቶ የተስተካከለ ብራይትነስ አምፖሉ ሲጠፋ ትክክል አይሆንም።

ጥቁሩ ቀለም ምንም ብትነኩት አመድ ከመሰለ፣ ወይም ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ ቀለም የተደፋበት ከመሰለ፣ ፕሌይስቴሽኑና ቴሌቪዥኑ አልተግባቡም ማለት ነው። በቪዲዮ አውትፑት ሴቲንግ ውስጥ አርጂቢ ሬንጅ የሚለውን «ሊሚትድ» እና «ፉል» እያደረጋችሁ ሞክሩና ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚስማማውን ተዉት።

እግረ መንገዴን፣ አለማየት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ከሳይለንት ሂል የተሻለ ምስክር የለም። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሩቅ ያለውን ሕንፃ ሁሉ በአንዴ የመሣል አቅም ስላልነበረው ሠሪዎቹ ከተማውን በጉምና በጨለማ ሸፈኑት። የአቅም ማነስ መሸፈኛ የነበረው ጉም የጌሙ መለያ ሆኖ ቀረ። በክረምት ጠዋት ወደ ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዳገቱን የወጣ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ከፊት የሚመጣው ሰው ይሁን በሬ የሚታወቀው አጠገብህ ሲደርስ ነው።

ምልክት፦ ቁልፍ ስንጫን ሰውየው ዘግይቶ ነው የሚንቀሳቀሰው

እጅህ የታዘዘህ ካልመሰለህ ጌሙ ውስጥ አትገባም። ቴሌቪዥኑን «ጌም ሞድ» ላይ አድርጉት፤ ምስሉን ለማሳመር የሚያጠፋው ጊዜ ይቀንሳል። በላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ሰኩ፤ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ብዙው ላፕቶፕ ጉልበቱን ይቆጥባል። በሴኮንድ 30 ምስል የሚሠራ ጌም አንዱን ምስል ለ33 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይዞ ይቆያል፣ 60 ሲሆን ግን ለ17 ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥላና ጌጥ ቀንሳችሁ ፍጥነቱን ብታተርፉ አትከስሩም። ማሽኑ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብቻ የሚንቀረፈፍ ከሆነ ግን ሙቀት ነው፦ ማራገቢያውን ከአቧራ አጽዱ፣ ከጀርባው አየር ይግባ።

ምልክት፦ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል

ዓይን «እየሄድኩ ነው» ሲል የውስጠኛው ጆሮ «ተቀምጫለሁ» ይላል፤ ጠቡ የሁለቱ ነው። ፊልድ ኦፍ ቪው የሚለውን (በአንዴ የሚታየውን ስፋት) አስፉት፣ ሞሽን ብለርን (ሲንቀሳቀሱ ምስሉን የሚያደበዝዘውን) እና የጭንቅላት መወዛወዙን አጥፉ፣ ከቴሌቪዥኑ ራቁ። እያቅለሸለሸ መቀጠል አያለማምድም፤ ተነሱና ውጭ ወጥታችሁ አየር ውሰዱ።

ምልክት፦ ክፍሉ ሙሉ ሰው ነው፣ ሁሉም ይስቃል

አምስት ሰው አብሮ ሲፈራ ፍርሃቱ ወደ ሳቅ ይቀየራል። ይህ ጥፋት አይደለም፣ እንዲያውም ደስ የሚል ምሽት ነው። መፍራት ከፈለጋችሁ ግን አንድ ሰው ሄድፎን አድርጎ ይጫወት፣ አንድ ሰው ብቻ ከጎኑ ይቀመጥ፣ ሌላው ተራውን ውጭ ይጠብቅ። እኔ ጥግ ላይ ያለውን ቴሌቪዥን ለዚህ ለይቼዋለሁ፤ ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስጠግቼ፣ ተጫዋቹ ጀርባውን ለክፍሉ እንዲሰጥ አድርጌ። ጀርባው ለጨለማ የተጋለጠ ሰው ቶሎ ይፈራል።

ምልክት፦ መጀመሪያ ፈራን፣ ከዚያ ተናደድን፣ ከዚያ ሰለቸን

በጣም ብዙ ጊዜ የማየው ይህንን ነው፣ ከሁሉም በላይ ያሰብኩበትም እሱ ነው። ምክንያቱ አጨዋወታችን ነው። ከኳስ የመጣ ልጅ ሁሉን ነገር ግጥሚያ ያደርገዋል፦ ከባዱን ደረጃ ይመርጣል፣ ጭራቁን ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ይሞታል፣ ይመለሳል፣ ይሞታል። ሦስተኛ ጊዜ ሲሞት ጭራቁ የት እንደሚቆም፣ በየት በኩል እንደሚዞር በቃሉ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ጭራቁ እንቅፋት ብቻ ነው። ብዙ የገደለህ ጭራቅ አያስፈራህም፤ የሚያስፈራህ ገና ያልያዘህ ነው።

ስለዚህ ደረጃውን ዝቅ አድርጉ። ልጆቹ ይህን ስላቸው እንደ ስድብ ይቆጥሩታል፤ ግን በአንድ ቦታ ከሁለት ጊዜ በላይ እየሞታችሁ ከሆነ ጌሙ ለእናንተ ፍርሃቱን ጨርሷል። በተቃራኒው ጥይት ተርፏችሁ የምትጥሉ ከሆነ ደረጃውን ከፍ አድርጉት፤ እያንዳንዱን ጥይት መቁጠር አለባችሁ። በፈረንጆቹ 1996 በወጣው ሬዚደንት ኢቭል ሴቭ ማድረጊያው እንኳን ተቆጥሮ የሚሰጥ የጽሕፈት መኪና ሪባን ነበር፤ አሁን ልጠቀም ወይስ ላቆይ የሚለው ጭንቀት ያለ ምንም ጭራቅ ላብ ያወጣል።

በፈረንጆቹ 2010 የወጣው አምኔዥያ ገና ሲጀመር ለማሸነፍ ብላችሁ አትጫወቱ፣ ዓለሙና ታሪኩ ውስጥ ግቡ ብሎ ይመክራል። መሣሪያ የሚባል አይሰጥም፤ መሸሽና መደበቅ ብቻ ነው። ጨለማ ውስጥ ከቆያችሁ የሰውየው አእምሮ ይታወካል፣ ብርሃን ላይ ከቆማችሁ ደግሞ ትታያላችሁ። አቅም በሌለው ላፕቶፕ ላይ ስለሚሠራ ለተማሪ የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው። በፈረንጆቹ 2014 የወጣው ኤሊየን አይሶሌሽን ደግሞ ፈጽሞ የማይገደል አንድ አውሬ አለው። አውሬውን የሚመራው ነገር በሁለት የተከፈለ ነው፦ አንዱ ክፍል እናንተ የት እንዳላችሁ ሁልጊዜ ያውቃል፣ ለሌላው ግን አካባቢውን ብቻ ይጠቁመዋል። አውሬው ራሱ እያየና እያዳመጠ መፈለግ አለበት። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ቅርብ የሚሆነው፣ ግን በቃል የማይጠና። ይህን ጌም እንደ ግጥሚያ የያዘ ሰው በአንድ ሰዓት ይተወዋል። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው ግን ዝናቡ ቆሞ እንኳን አይሰማም።

ምልክት፦ መብራት ጠፋ፣ የተጫወትነው ሁሉ ጠፋ

ጌሙ ሲገድልህ ጥፋቱ የአንተ ነው፤ መብራት ሲገድልህ የማንም አይደለም፣ ስለዚህም ፍርሃቱ ወደ ምሬት ይለወጣል። አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ቴሌቪዥኑንና ፕሌይስቴሽኑን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። እሱ ከሌለ ሁለት የሴቭ ቦታ እያፈራረቃችሁ ተጠቀሙ፤ መብራቱ የጠፋው ሴቭ እያደረገ ሳለ ከሆነ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ሰማዩ ሲያጉረመርም ኤሊየን አይሶሌሽንን አልከፍትም፤ ሴቭ የሚደረገው በተወሰኑ ቦታዎች ባሉ ማሽኖች ላይ ካርድ በማስገባት ብቻ ነው፣ ካርዱን አስገብታችሁ ስትጠብቁም አውሬው ሊደርስባችሁ ይችላል።

ምልክት፦ ታሪኩ አልገባንም

እንግሊዝኛው ይፈጥናል፣ ልጆቹም ዘለውት ያልፋሉ። ሰብታይትሉን አብሩ፣ መሬት ላይ የምታገኙትን ወረቀት ሁሉ አንብቡ። እኔ ዘንድ አንዲት የነርሲንግ ተማሪ አለች፤ ወረቀት ሲገኝ ጌሙን ታስቆምና አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በአፋን ኦሮሞ ታስረዳለች። እሷ ያለች ቀን ማንም ኳስ ክፈቱልን አይልም።

ምልክት፦ ሁሉን አስተካከልን፣ ጌሙ ግን አሳዘነን

አሁን ጌሙን መውቀስ ይቻላል። ሳይበርፐንክ 2077 በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሲወጣ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ እጅግ ከመበላሸቱ የተነሳ ከፕሌይስቴሽን መሸጫ ለወራት ተነስቶ ነበር። በፈረንጆቹ 2016 የወጣው ኖ ማንስ ስካይ ቃል የተገባለትን ብዙ ነገር ሳይዝ መጣ፤ ከዚያ ግን ለዓመታት በነፃ አፕዴት ታደሰ። አንድ ስም ሁለት የተለያየ ጌም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እኛ ጋ ደግሞ ጌም ብዙ ጊዜ የሚደርሰን ከሃርድ ዲስክ ወደ ሃርድ ዲስክ እየተገለበጠ ነው፤ ያላችሁ የመጀመሪያ ቀን ቅጂ ሊሆን ይችላል። ሜኑው ላይ የተጻፈውን የቨርዥን ቁጥር እዩ፣ አፕዴቱን ዋይፋይ ባለበት አውርዱ። ከመግዛታችሁ በፊትም ማስታወቂያውን ትታችሁ ሰው በእናንተው ዓይነት ማሽን ላይ ሲጫወተው የተቀረጸ ቪዲዮ ተመልከቱ።

ምልክት፦ ከልክ በላይ አስፈራ፤ ልጁ ሌሊት አልተኛም

ሽፋኑ ላይ 18 የሚል ቁጥር ካለ ለትልልቅ ሰው ነው የተሠራው፤ ይህን በፊት ችላ እል ነበር። አሁን ዕድሜ እጠይቃለሁ፣ ለሕፃን አልከፍትም። ትልቅ ሰው ሆኖ ከበዛበት ግን ከላይ ያልኳችሁን ሁሉ መገልበጥ ነው፦ ሄድፎኑን ማውለቅ፣ አምፖሉን ማብራት፣ ጓደኛ መጥራት። ባለፈው ወር አንዲት እናት ሄድፎን አድርጋ ኤሊየን አይሶሌሽንን ጀመረች፣ አሥር ደቂቃ ሳይሆናት እጇ ተንቀጠቀጠ። ሄድፎኑን ተቀብዬ በሩን ወደ መንገዱ ወለል አድርጌ ከፈትኩት። የባጃጁ ድምፅ ገባ። ጆይስቲኩን ግን አልሰጠችኝም፣ ቀጠለች።