ጌሚንግ ላፕቶፕ ስትገዙ «በኋላ ይጨመርበታል» ከማለታችሁ በፊት

ላፕቶፕ ከፍቶ ራም መጨመርና ኤስኤስዲ መቀየር ሥራዬ ነው። ራም ላፕቶፑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው፤ ኤስኤስዲ ደግሞ ፋይልና ጌም የሚቀመጥበት ዲስክ። ብዙ ሰው የሚመጣው ላፕቶፑን ከገዛ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። «ቦታ ሞላብኝ»፣ «ጌሙ ይንቀራፈፋል»፣ «ራም ጨምርልኝ» ይላል። አንዳንዱን ደስ ብሎኝ ሠርቼ እሸኘዋለሁ። ሌላውን ግን «አይቻልም» ማለት ግድ ይሆንብኛል። ስህተቱ የተሠራው ገና ሲገዛ ነው።

ራሙ ተነቃይ መሆኑን ሳያዩ መግዛት

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ሻጩ «አሁን በ8 ጊጋ ውሰደው፣ በኋላ ትጨምርበታለህ» ይላል። ገዢው ያምናል። ክዳኑን ስከፍተው ራም የሚሰካበት ቦታ የለም። ቺፖቹ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ተበይደዋል።

አንድ ልጅ አዲስ 16 ጊጋ ራም ከነማሸጊያው ይዞ መጣ። ካርዱን ቀድሞ ገዝቶታል። የታችኛውን ክዳን አንስቼ አሳየሁት። ከፕሮሰሰሩ ጎን ትንንሽ ጥቁር ቺፖች ተደርድረዋል፤ ራሙ ማለት እነሱ ናቸው። ካርዱን እያገላበጠ «ታዲያ ይሄ የት ነው የሚገባው?» አለኝ። የትም አይገባም። በጣም አዘንኩለት። ብሩን ያጠራቀመው እሱ ነው፤ ሻጩ ግን ያላረጋገጠውን ነገር በድፍረት ነገረው። እንዲህ ያለው ሰው ሲደጋገምብኝ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት።

የሚያናድደው ደግሞ ማረጋገጡ ቀላል መሆኑ ነው። ላፕቶፑ በርቶ ፊታችሁ ካለ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ የሚለውን ንኩ። ፎርም ፋክተር (Form factor) ከሚለው ጎን «ሶዲም» (SODIMM) የሚል ካለ ራሙ ተነቃይ ነው። «ሮው ኦፍ ቺፕስ» (Row of chips) ካለ ተበይዷል። የስሎቱን (የመሰኪያውን) ቁጥር ብቻ አይታችሁ ግን አትመኑ። የተበየደውንም እንደ ስሎት ቆጥሮ ሊያሳያችሁ ይችላል።

ላፕቶፑ ፊታችሁ ከሌለ ስፔኩን (ዝርዝር መግለጫውን) አንብቡ። የራሙ ዓይነት ኤልፒዲዲአር5 (LPDDR5) ወይም ኤልፒዲዲአር5ኤክስ (LPDDR5X) ከተባለ፣ ከጥቂቶች በስተቀር የተበየደ ነው። ቀጫጭን ጌሚንግ ላፕቶፖች ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል። ዲዲአር5 (DDR5) ብቻ ከተባለ ብዙ ጊዜ ተነቃይ ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ከፊሉ ተበይዶ ለቀሪው አንድ ስሎት ብቻ የተተወለት ሞዴልም አለ። ስለዚህ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ያዙና የጥገና ማኑዋሉን ፈልጉ። ሌኖቮ፣ ዴልና ኤችፒ የብዙ ሞዴሎቻቸውን ማኑዋል በነፃ ይለቃሉ። ራሙና ኤስኤስዲው የት እንዳሉ፣ እንዴት እንደሚነቀሉ በሥዕል ያሳያል። በስም ብቻ አትፈልጉ። አምራቾች ያንኑ ስም ይዘው ውስጡን ከዓመት ዓመት ይቀያይሩታል።

የተበየደ ራም ያለውን ጨርሶ አትግዙ አልልም። ከገዛችሁ ግን ከመጀመሪያው 16 ጊጋ፣ አቅም ካለ 32 ውሰዱ።

ራሙን በአንድ ካርድ መተው

ሁለት ስሎት ኖሮት አንዱ ብቻ ከተሰካ፣ ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር የሚነጋገርበት መስመር በግማሽ ይጠባል። ብዙ ጌሞች ላይ ፍሬም (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ሲወርድ ታዩታላችሁ። አንድ 16 ጊጋ ካርድና አንድ ባዶ ስሎት ያለው ላፕቶፕ ግን ለማሳደግ ምቹ ነው፤ ተመሳሳይ ካርድ መጨመር ብቻ ነው የሚቀረው። የዲዲአር4 ካርድ ዲዲአር5 ስሎት ውስጥ አይገባም፣ አትታገሉት። አዲስ ዲዲአር5 ሰክታችሁ መጀመሪያ ስታበሩት ደግሞ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨለማ ሊሆን ይችላል። ራሙን እየተለማመደ ነውና ደንግጣችሁ አታጥፉት።

የጊጋባይቱን ቁጥር አይቶ ስሎቱን አለመጠየቅ

512 ጊጋ ኤስኤስዲ ዊንዶውስ ላይ 476 ገደማ ሆኖ ነው የሚታየው። ከዚያ ላይ ዊንዶውሱ ራሱ ድርሻውን ይወስዳል። ባልዱርስ ጌት 3 ብቻውን 150 ጊጋ ይጠይቃል፤ ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2ም እንደዚያው። ሁለት ትልልቅ ጌም ከጫናችሁ በኋላ ለሦስተኛው የሚጠፋውን መምረጥ ትጀምራላችሁ።

ቢሆንም ዋናው ጥያቄ ስንት ኤም.2 (M.2) ስሎት፣ ማለትም የኤስኤስዲ መሰኪያ፣ አለው የሚለው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ 512 ይዞ ሁለተኛ ስሎቱ ባዶ የሆነውን ከአንድ ስሎቱ ባለ 1 ቴራ አስበልጣለሁ። ባዶው ላይ ሌላ ሰክታችሁ ጌሞቹን ወደዚያ ታዞራላችሁ፣ ዊንዶውሱን መንካት አያስፈልግም። አንድ ስሎት ብቻ ከሆነ ግን ሁሉንም ነገር ወደ አዲሱ መገልበጥ ነው።

ርዝመቱንም እዩ። የተለመደው 2280 ነው፤ 22 ሚሊሜትር ስፋት፣ 80 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው። 2242 ወይም 2230 ብቻ የሚቀበል ስሎትም አለ። የዋይፋይ ካርዱን ቦታ የኤስኤስዲ ስሎት ነው ብለው የሚቆጥሩም አጋጥመውኛል፤ አይደለም። ለዴስክቶፕ የተሠራ ወፍራም ሂትሲንክ (ሙቀት መበተኛ ብረት) ያለበትን ኤስኤስዲም አትግዙ፣ ክዳኑ አይዘጋላችሁም።

አንዲት ትንሽ ብሎን ደግሞ አለች። ኤስኤስዲው ሲሰካ ጫፉ ቀና ብሎ ይቆማል፤ አስተኝታ የምትይዘው እሷ ናት። ባዶው ስሎት ላይ ብዙ ጊዜ አትኖርም። በፕላስተር ተጣብቆ የመጣ አይቻለሁ። ላፕቶፑ ሲሞቅ ፕላስተሩ ለቆ፣ ዲስኩ አንዴ እየታየ አንዴ እየጠፋ ባለቤቱን መከራ ሲያሳየው ነበር። ኤስኤስዲውን ስትገዙ ብሎኗንም ጠይቁ።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ፍጥነት ማሳደድ

በሰከንድ 7000 ሜጋባይት የሚያነበው ኤስኤስዲና 3500 የሚያነበው፣ ጌም ሲከፍቱ ልዩነታቸው ብዙ ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። ይልቅ የኤስኤስዲው ቺፕ ዓይነት ቲኤልሲ (TLC) ነው ወይስ ኪውኤልሲ (QLC) ብላችሁ ጠይቁ። ኪውኤልሲው ትልቅ ጌም ስትገለብጡበት መጀመሪያ ይሮጣል፣ ካሹ (ፈጣኑ ጊዜያዊ ማቆያ) ሲሞላ ፍጥነቱ በአንዴ ይወርዳል።

ለስቶሬጅ ብሎ ግራፊክሱ ላይ መቆጠብ

ኤስኤስዲ ነገም ይገዛል። ግራፊክስ ካርዱ ግን ላፕቶፑ እስኪሞት አብሮት ነው። ፍሬምወርክ 16ን የመሰሉ የግራፊክስ ክፍላቸው የሚቀየር ላፕቶፖች በጣም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ብሩ የማይበቃ ከሆነ ከስቶሬጁ ቀንሱና ግራፊክሱን ከፍ አድርጉ። ስሙን ብቻ ግን አትዩ። አርቲኤክስ 4060 (RTX 4060) የተባለው የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ የሚሰጠው የኃይል መጠን እንደ አምራቹ ምርጫ ከ35 እስከ 115 ዋት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ዝቅተኛው ዋት ያለው ያንኑ ስም ይዞ በጣም ወደኋላ ይቀራል። ዋቱን ስፔኩ ላይ ካጣችሁት ሻጩን ጠይቁ፤ እሱም ካላወቀ ሌላ ሞዴል ፈልጉ።

ዋስትናውን አለመጠየቅ

ክዳኑን መክፈት ዋስትናውን ያፈርስ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ቢትሎከርን መርሳት

ዊንዶውስ 11 ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች ዲስካቸው ባለቤቱ ሳያውቀው ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፎ ነው የሚመጡት። ኤስኤስዲውን ነቅላችሁ ሌላ ማሽን ላይ ስትሰኩት፣ አንዳንዴም ባዮሱን (የላፕቶፑን መነሻ ቅንብር) ስትነኩ፣ ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከሌለ ፎቶውም፣ ሥራውም፣ ሴቭ የተደረገው ጌምም የለም። እኔም ላወጣው አልችልም። ስለዚህ ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ግቡና ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ ሌላ ምንም ሳትነኩ የባትሪውን ገመድ ከማዘርቦርዱ አላቁት።