ካልሲ «ይወጋኛል» ለምትል ልጅ

የ4 ዓመቷ ልጄ ጠዋት ጠዋት ካልሲ ሲደረግላት እሪ ትላለች። «ይወጋኛል!» ብላ አውልቃ ትጥለዋለች። ብፈትሸው ብፈትሸው የሚወጋ ነገር የለም።

ትልቅ ቁጥር ገዛሁ፤ ጨርቁ እየተጨማደደ ባሰ። በከረሜላ ማባበሉ ለ2 ቀን ሠራ። ቁጣውማ ጭራሽ ጫማውንም አስጠላት።

የኦኩፔሽናል ቴራፒ (እንደ መልበስና መብላት ባሉ የዕለት ተዕለት ተግባራት ላይ የሚያግዝ ሕክምና) ባለሙያ ስናማክር ነገሩ ቅብጠት አልነበረም። ቆዳዋ ላይ የሚያርፈው ነገር ከእኛ ይልቅ አጉልቶ ይሰማታል። የካልሲ ስፌት እኛ ወዲያው እንረሳዋለን፤ እሷ አትረሳውም።

የሠራው ይኸው፦ ካልሲውን ገልብጬ ስፌቱን ወደ ውጭ አደረግኩት። ካልሲው ከመጠለቁ በፊት እግሯን በመዳፌ ጠበቅ አድርጌ እጫናለሁ (በስሱ መዳሰስ ይኮረኩራታልና ያባብሰዋል)። ካልሲውን ራሷ ታጠልቃለች። የሹራቧን የአንገት ምልክትም ከነክሩ ተርትሬ አወጣሁት፤ በመቀስ ሲቆረጥ የሚቀረው ጫፍ ይብሳል።

ፀጉር መታጠብ ላይ ግን አሁንም ጦርነት ነው።